የድረ ገጽ ቅጽ መስኮችን እንደ መልሱ ማሳየትና መደበቅ፦ ከደሴ አንድ ካርድ ክፍል ሥራ የተገኘ መመሪያ

ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ክሊኒክ የሕመምተኛ መመዝገቢያ ቅጽ በድረ ገጽ መልክ ሠርቼ ባስረከብሁ በመጀመሪያው ሳምንት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለችልኝና «‹መዝግብ› የሚለውን ደጋግሜ ብጫነው ምንም አይልም፤ ሰውም ተሰልፏል» አለችኝ። ስደርስ ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መስኮቱ ፊት ቆመው ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የጎደለ ነገር አይታይም፤ ቀይ ጽሑፍም የለም፤ ቅጹ ግን አይሄድም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የድርጅት ዱቤ ደብዳቤ ቁጥር የሚጻፍበት መስክ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ሲሆን እንዲደበቅ አድርጌ፣ «ሪኳየርድ» የሚለውን የግዴታ ምልክቱን ግን ሳላነሣለት ቀርቼ ነበር። ብራውዘሩ ያልተሞላ የግዴታ መስክ ያገኛል፤ ሠራተኛዋን ወደ መስኩ ሊመራት ሲል መስኩ የተደበቀ ስለሆነ የሚያሳያት ቦታ ያጣል፤ በመጨረሻም ቅጹን ይከለክላል፤ ምክንያቱንም የሚጽፈው ፕሮግራመር ብቻ በሚከፍተው ኮንሶል ላይ ነው።

አንድን መስክ፣ ማለትም በተለምዶ ፊልድ የምንለውን የመሙያ ቦታ፣ በሌላ ጥያቄ መልስ ላይ ተመሥርቶ ማሳየትና መደበቅ በጥቂት የጃቫስክሪፕት (ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅስ የፕሮግራም ቋንቋ) መስመሮች የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ሁኔታዊ መስክ ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ለዐይን መታየቱ፣ የግድ መሞላቱና ወደ ሰርቨር፣ ማለትም የተሞላውን ተቀብሎ ወደሚያስቀምጠው ኮምፒውተር፣ መላኩ ናቸው። እኔን ያጋጠሙኝ ስሕተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የመጡት ከሦስቱ አንዱን ለውጬ ሌሎቹን በነበሩበት በመተዌ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምገልጸው አሠራር ሦስቱም ከአንድ ውሳኔ እንዲመነጩ የሚያደርግ ነው።

ከኮዱ በፊት

ኮድ ከመጻፍ በፊት ቅጹን ከሚሞሉት ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ ሁኔታዎቹን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። በዚህ ክሊኒክ የተስማማንባቸው የሚከተሉት ነበሩ፦ ሕመምተኛው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የአሳዳጊ ስምና ስልክ ይጠየቅ፤ ክፍያው የድርጅት ዱቤ ከሆነ የድርጅቱ ስም፣ የሠራተኛው መታወቂያ ቁጥርና የደብዳቤው ቁጥር ይጠየቅ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ከሆነ የግብይት ቁጥር ይጠየቅ፤ አድራሻው ደሴ ከተማ ከሆነ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ ከከተማው ውጪ ከሆነ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ይጠየቅ፤ የልደት ቀኑን የማያውቅ ከሆነ ዕድሜው በግምት ይጠየቅ።

ዓረፍተ ነገሮቹ ሲጻፉ መደበቅ የማያስፈልገው መስክም ይለያል። እኔ በመጀመሪያ የስልክ ቁጥሩን ሳይቀር «ስልክ አለዎት?» ከሚል ጥያቄ በስተጀርባ ደብቄው ነበር። ሠራተኞቹ ግን አብዛኛው ሰው ስልክ ስላለው በየሰዉ አንድ ተጨማሪ መጫን እንደሚጠብቃቸው፣ እጃቸውም የመስኮቹን ቦታ እንደሚለምድና በየጊዜው ቦታ የሚቀያይር ቅጽ እንደሚያዘገያቸው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚሞላው መስክ ሁልጊዜ መታየት አለበት፤ መደበቅ የሚገባው ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከተው፣ ለሌሎቹ ደግሞ ግራ የሚያጋባው ነው።

ቡድኑን በፊልድሴት ማሰር

አንድ ሁኔታ የሚገዛቸውን መስኮች በሙሉ «ፊልድሴት» በተባለው የኤችቲኤምኤል (የገጹ መዋቅር የሚጻፍበት ቋንቋ) አካል ውስጥ ማስገባት ይበጃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፊልድሴቱ «ዲስኤብልድ» የሚል ምልክት ሲደረግበት በውስጡ ያሉት መስኮች በሙሉ ባንድ ጊዜ ይታገዳሉ። የታገደ መስክ ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው፤ ዋጋው፣ ማለትም በውስጡ የተሞላው መልስ፣ ወደ ሰርቨር አይላክም፣ ብራውዘሩም የግዴታ ምርመራ አያደርግበትም። ስለዚህ ፊልድሴቱን በአንድ በኩል «ሂድን» በሚለው ምልክት ከዐይን መሰወር፣ በሌላ በኩል «ዲስኤብልድ» ማድረግ ብቻ ሦስቱን ነገሮች ያስተካክላል፤ እያንዳንዱን መስክ ተራ በተራ እየፈለጉ ሪኳየርድ የሚለውን መጨመርና ማንሣት አያስፈልግም። እዚህ ላይ «ሪድኦንሊ» የሚለውን ምልክት ከዲስኤብልድ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ሪድኦንሊ መጻፍን ይከለክላል እንጂ ዋጋውን ይልካል።

ፊልድሴቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገቡም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ የውጪው ሲታገድ የውስጡ አብሮ ይታገዳል። ለምሳሌ «ከደሴ ውጪ» ተመርጦ፣ በውስጡ «ከአማራ ክልል ውጪ» ተመርጦ የክልል ዝርዝር ከወጣ በኋላ ሠራተኛዋ ወደ «ደሴ ከተማ» ብትመለስ የክልሉ መልስ ሳይላክ ይቀራል። ቢሆንም ከሁለት እርከን በላይ መሄድን አልመክርም። ሦስተኛ እርከን ላይ የደረሰ ቅጽ ራሱን ችሎ ሌላ ገጽ ቢሆን ለሚሞላውም ለሚጠግነውም ይቀላል።

አንድ ውሳኔ ሰጪ ፈንክሽን

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት «ይህ ሲጫን ያንን አሳይ፣ ያ ሲጫን ይህን ደብቅ» የሚል ኮድ ነው። ይህ አካሄድ የቅጹን ሁኔታ ከመጫኖቹ ታሪክ የሚሰበሰብ ስለሚያደርገው ጥቂት ጥያቄዎች ሲጨመሩ ይበጣጠሳል። የሚሻለው አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ መጻፍ ነው፤ ሥራውም የሁሉንም መቆጣጠሪያ ጥያቄዎች የአሁን መልስ ማንበብ፣ ለእያንዳንዱ ፊልድሴት «ያስፈልጋል» ወይም «አያስፈልግም» ብሎ መወሰንና በውሳኔው መሠረት ሂድንና ዲስኤብልድ የሚሉትን ሁለቱንም መጻፍ ነው። ፈንክሽኑ ቀደም ሲል ምን እንደነበረ አይጠይቅም፤ በተጠራ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ ይወስናል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፈንክሽኑን በሚገባው ጊዜ ሁሉ መጥራት ነው። መልስ ሲቀየር፣ ማለትም በ«ቼንጅ» ኢቨንት (ብራውዘሩ አንድ ነገር መሆኑን ለኮዱ የሚያሳውቅበት ምልክት)፣ መጥራት ግልጽ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ገጹ ገና ሲከፈት መጥራትን ነው፤ ቅጹ ከዚህ ቀደም የተመዘገበ ሰው መረጃ ይዞ ሲከፈት «የድርጅት ዱቤ» ተመርጦ ሳለ ዝርዝሩ ተደብቆ ይገኛል። በተጨማሪም ሠራተኛዋ ወደ ኋላ መመለሻውን ስትጫን ብራውዘሩ ገጹን ከማስታወሻው አውጥቶ ቀድሞ የተሞላውን ሊመልስ ስለሚችል «ፔጅሾው» በተባለው ኢቨንትም መጥራት ይገባል። ቅጹን የሚያጸዳ «ሪሴት» ቁልፍ ካለ ኢቨንቱ የሚነሣው መስኮቹ ከመጽዳታቸው በፊት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ፈንክሽኑ ያን ጊዜ ወዲያው ከተጠራ የሚያነበው አሮጌውን መልስ ስለሆነ «ሴትታይምአውት» በተባለው የማዘግያ ትእዛዝ በዜሮ ሚሊሰከንድ ማዘግየት ይበቃል። እንዲሁም የአንድን መስክ ዋጋ በጃቫስክሪፕት ስንለውጥ የቼንጅ ኢቨንት በራሱ አይነሣም፤ ያን ጊዜም እኛው ራሳችን መጥራት አለብን።

ቅጹ በመጀመሪያ የሚኖረውን መልክ በተመለከተ፣ ገጹ ከሰርቨር ሲመጣ ሁሉም መስኮች የሚታዩና ያልታገዱ ሆነው ቢመጡ፣ መደበቁን ጃቫስክሪፕቱ ሥራ ሲጀምር ቢያደርገው እመርጣለሁ። ኔትወርኩ ደክሞ የስክሪፕቱ ፋይል ሳይደርስ የሚቀርበት ቀን አለ። ያን ቀን ቅጹ ረዝሞ ይታያል፤ ሠራተኛዋ ግን የሚያስፈልጋትን ሞልታ መላክ ትችላለች። በተቃራኒው ሁሉም ተደብቆ ከመጣ የድርጅት ዱቤ ሕመምተኛ በዚያ ቀን አይመዘገብም። ይህ እንዲሠራ በሁኔታዊ መስኮቹ ላይ ያለውን ሪኳየርድ በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ስክሪፕቱ ገና ሲነሣ እንዲጨምረው ማድረግ ያሻል።

የተደበቀው ሲላክ

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ስሕተቱ የታወቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ነውና። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በዱቤ እንደሚታከም ተናግሮ ድርጅቱና የደብዳቤው ቁጥር ተሞላ። ከዚያ ደብዳቤው ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ታየና በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። ሠራተኛዋ ምርጫውን ቀየረች፤ የዱቤው መስኮችም ከፊቷ ተሰወሩ። የተሞላው ግን በውስጣቸው ነበር፤ «ዲስፕሌይ ነን» በሚለው የሲኤስኤስ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) ትእዛዝ የተሰወረ መስክ ለዐይን ባይታይም ከቅጹ ጋር እንደ ወትሮው ይላካል። በወሩ መጨረሻ ሰውየው ከኪሱ የከፈለበት ሕክምና ለድርጅቱ በሚላከው ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ፊልድሴቱን ዲስኤብልድ ማድረግ ይህን ያስቀራል።

ታዲያ መስኩ ሲደበቅ የተጻፈበትን መሰረዝ ይገባል? ብዙ መመሪያዎች ሰርዙ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ወረፋ በበዛበት ሰዓት እጅ ይስታል፤ ሠራተኛዋ ሦስት መስክ ከሞላች በኋላ በስሕተት ሌላውን ምርጫ ብትነካና ወዲያው ብትመለስ የጻፈችው ሁሉ ጠፍቶ ማግኘት አይገባትም። የታገደ መስክ ስለማይላክ ጽሑፉ በውስጡ ቢቆይ ጉዳት የለውም። መሰረዝ የሚገባው ምስጢራዊ መረጃ ከሆነና ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ ነው።

ስለ መሰወሪያው ዓይነት ጥቂት ልጨምር። «ቪዚቢሊቲ» ጽሑፉን ሰውሮ ባዶ ቦታውን ይተዋል። «ኦፓሲቲ»ን ዜሮ ማድረግ ደግሞ መስኩን የማይታይ ብቻ ስለሚያደርገው በታብ ቁልፍ ይደረስበታል፤ ሠራተኛዋ ሳታውቀው ትጽፍበታለች። ሂድን የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለዚያው አካል በሲኤስኤስ «ዲስፕሌይ ፍሌክስ» ተብሎ የተጻፈ ካለ ምልክቱን ይሽረውና መስኩ አልደበቅ ይላል፤ ምልክቱ ያለበት ሁሉ እንዲሰወር የሚያስገድድ አንድ የሲኤስኤስ ሕግ መጻፍ ያስፈልጋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ የሚረዱት «ሃዝ» የተባለው የሲኤስኤስ መምረጫ ያለ ጃቫስክሪፕትም በመልስ ላይ ተመሥርቶ ሊሰውር ይችላል፤ ሆኖም የሚሰውር እንጂ የሚያግድ አይደለምና ከላይ የተነገረው የሒሳብ ስሕተት እንዳለ ይቀራል።

ዕድሜ፣ ፊደልና ጳጉሜን

በቁጥር ላይ የሚመሠረት ሁኔታ የራሱ ወጥመድ አለው። ዕድሜን በ«ኢንፑት» ኢቨንት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በተጻፈ ቁጥር፣ ከመረመርን ሠራተኛዋ 35 ልትጽፍ 3ን ስትነካ የአሳዳጊ መስኮች ብቅ ይላሉ፤ 5ን ስትጨምር ይጠፋሉ። ቼንጅ የሚነሣው መስኩን ጨርሳ ስትወጣ ስለሆነ ለዚህ የሚስማማው እሱ ነው። ባዶ የሆነ መስክም እንደ ዜሮ ዓመት እንዳይቆጠር መጠንቀቅ ይገባል። ከዚህ የከፋው ንጽጽሩ ነው። ከቅጽ የሚነበብ ዋጋ ምንጊዜም ጽሑፍ ነው፤ ገደቡም ከገጹ ላይ የተነበበ ጽሑፍ ከሆነ ብራውዘሩ «9»ን ከ«18» ጋር የሚያነጻጽረው በፊደል ተራ ይሆናል። በፊደል ተራ 9 ከ1 በኋላ ስለሚመጣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከአሥራ ስምንት በላይ ተደርጎ ይታለፋል፤ አሳዳጊም አይጠየቅለትም። ሁለቱንም አስቀድሞ ወደ ቁጥር መለወጥ ግዴታ ነው።

በአማርኛ ቅጽ ላይ ብቻ የሚገጥም ነገርም አለ። የምርጫው ዋጋ የአማርኛው ጽሑፍ ራሱ ከሆነና ሁኔታው ከዚያ ጽሑፍ ጋር የሚነጻጸር ከሆነ አንዱ ቦታ «ከደሴ ውጪ»፣ ሌላው ቦታ «ከደሴ ውጭ» ተብሎ መጻፉ ብቻ መስኮቹን ለዘለዓለም ይደብቃቸዋል፤ ስሕተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ጾታና ፆታ፣ ሠራተኛና ሰራተኛ ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ለሰው የሚታየው ስያሜ በአማርኛ ይሁን፤ በውስጥ የሚነጻጸረው ዋጋ ግን አጭር የቁጥር መለያ ይሁን፤ ለምሳሌ ጥሬ ገንዘብ 1፣ ዝውውር 2፣ የድርጅት ዱቤ 3። እንዲህ ከሆነ ክሊኒኩ ነገ ስያሜውን ቢያሻሽል ሁኔታው አይነካም።

የልደት ቀን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲጠየቅ ደግሞ ሁኔታው ወደ ምርጫዎቹ ውስጥ ይገባል። ወሩ ጳጉሜን ሲሆን የቀን ዝርዝሩ እስከ 5፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ እስከ 6 ብቻ መሆን አለበት። ስሌቱ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን ማየት ነው፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ነው። በተቆልቋይ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ምርጫዎችን በሲኤስኤስ መደበቅ በሁሉም ብራውዘር እኩል ስለማይሠራ ዝርዝሩን ከመደበቅ ይልቅ እንደ አዲስ መሥራት ያስተማምናል። አስቀድሞ 17 ተመርጦ ከዚያ ወሩ ወደ ጳጉሜን ከተቀየረ ቀኑን በዝምታ ወደ 5 ማውረድ ሐሰተኛ መረጃ ይፈጥራል፤ ባዶ አድርጎ «ቀኑን እንደገና ይምረጡ» ማለት ተገቢ ነው።

የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ አረጋውያን በወሎ ገጠር ብዙ ናቸው። «የልደት ቀን ይታወቃል?» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ ሲባል የገባ ነው። አይታወቅም ከተባለ የቀኑ መስኮች ይታገዳሉ፤ የግምት ዕድሜ ይጠየቃል፤ በዳታቤዙም ላይ ግምት መሆኑ ይመዘገባል። ይህ ጥያቄ ባልነበረበት ጊዜ ሠራተኞቹ ቅጹ እንዲያልፍላቸው ሲሉ ለሁሉም መስከረም 1 ይጽፉ ነበር።

ለሚሞላው ሰው

አዲስ የሚወጣው መስክ ካስወጣው ጥያቄ ቀጥሎ፣ ከሥሩ መቀመጥ አለበት። ከላይ ከወጣ ገጹን በአንባቢ ፕሮግራም የሚከታተል ዐይነ ስውር ሠራተኛ አልፎት ስለሚሄድ መኖሩን አያውቅም። መስኩ በወጣ ጊዜ ጠቋሚውን በራስ ፈቃድ ወደ እሱ ማዛወርም አይገባም፤ ሬዲዮ ቁልፎችን (ከተደረደሩት አንዱ ብቻ የሚመረጥባቸውን ክብ ምልክቶች) በቀስት ቁልፍ የሚመርጥ ሰው በእያንዳንዱ ቀስት ምርጫው ስለሚቀየር ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ሁለተኛው ይዞት ይሄዳል። ምርጫዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ከተቆልቋይ ዝርዝር ሬዲዮ ቁልፍ ይሻላል፤ ሁሉም ባንድ እይታ ይታያሉ።

በሰርቨሩ በኩል

ብራውዘሩ የሚያደርገው ሁሉ ለሚሞላው ሰው እገዛ ነው፤ ማረጋገጫ አይሆንም። ማንም ሰው የገጹን ኮድ ከፍቶ የታገደን መስክ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ ያው ሁኔታ በሰርቨሩ ላይ እንደገና መመርመር አለበት፤ ክፍያው ዱቤ ከሆነ ሦስቱ መስኮች መኖራቸው፣ ዱቤ ካልሆነ ደግሞ ቢላኩም እንኳ መጣላቸው። ለሕመምተኛው ሊታይ የማይገባ መረጃም በተደበቀ መስክ ውስጥ ጨርሶ ወደ ብራውዘር መላክ የለበትም።

በጣም የሚረሳው ግን ማሻሻያ ገጹ ነው። የታገደ መስክ አይላክም ብለናል። ሰርቨሩ «ያልተላከ መስክ አልተለወጠም» ብሎ አሮጌውን ዋጋ እንዲያቆይ ተደርጎ ተጽፎ ከሆነ፣ ባለፈው ሳምንት በዱቤ የተመዘገበ ሰው ዛሬ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲዛወር የድርጅቱ ስም በዳታቤዙ ውስጥ ይቀራል። በብራውዘር በኩል ያስወገድነው ስሕተት በሌላ በር ይገባል ማለት ነው። መፍትሔው ሰርቨሩ መዝገቡን ከማስቀመጡ በፊት ሁኔታውን መርምሮ፣ የማያስፈልጉትን መስኮች ራሱ ባዶ ማድረጉ ነው።

ሲፈተን

ሦስት ምርጫ ያለው የክፍያ ጥያቄ፣ ሁለት ያለው አድራሻና ሁለት ያለው የልደት ቀን ጥያቄ ተባዝተው 12 ጥምረት ይሰጣሉ፤ ዕድሜው ሲጨመር 24 ይሆናል። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ መሙላት ይቻላል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የሚገኘው ቀጥ ብሎ በመሙላት አይደለም፤ መልስን በመቀያየር ነው። ዱቤን መርጦ ሞልቶ ወደ ጥሬ ገንዘብ ማዛወር፣ ከዚያ ወደ ዱቤ ተመልሶ የተጻፈው መኖሩን ማየት፣ ልኮ ወደ ኋላ መመለስ፣ የተመዘገበን ሰው ከፍቶ ክፍያውን ለውጦ ማስቀመጥ፣ የስክሪፕቱን ፋይል ዘግቶ መሞከር ያስፈልጋል። በየሙከራው መጨረሻ መታየት ያለበት ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ነው። እኔ አሁን ማንኛውንም ለውጥ ከማስረከቤ በፊት በካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ከሠራተኛዋ ጎን ተቀምጬ፣ እሷ ከቃሉና ከተሁለደሬ ወረዳዎች እንደመጡ አድርጋ የምትፈጥራቸውን ሕመምተኞች ስታስመዘግብና በመሐል ሐሳባቸውን ስታስቀይራቸው እያየሁ፣ የገባውን መዝገብ መስመር በመስመር ከእሷ ጋር አነባለሁ።